የሞስክቪቿ ማገላበጫ

ጄቲ ኦጉዝ፣ ማርች 14 ቀን 1999

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለሚርላን፤

ሰላምታዬ የእኛን ተራራ ወርዶ፣ የካዛኮችን ሜዳ አቋርጦ፣ ቼልያቢንስክ ድረስ መጥቶ በርህን ያንኳኳ። እንደምን ከርመሃል? ጤናህ፣ ሥራህ፣ የዚያ አገር ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛ አላህ ይመስገን ሁላችንም አለን። እናትህ ቡሩል ደህና ናት። እህትህ ቾልፖን ደህና ናት። ባለቤቴ ሳይራም ጤናዋም ምላሷም እንደ ድሮው ነው።

ሰላምታው ይህን ያህል ይብቃና ወደ ጉዳዬ ልግባ። ቾልፖን ታጭታለች። ልጁ ካራኮል ዳቦ ቤት የሚሠራ፣ ጨዋ፣ ጆሮው ብቻ ትንሽ ሰፋ ያለ ነው። ሠርጉ ለሚመጣው ዓመት መከር ይሁን ተባብለናል። ታዲያ እህትህ ሽማግሌዎቹ ፊት ምን ብትል ጥሩ ነው? «ከዚህ ቤት የምወጣው በአባቴ መኪና ነው፤ ያለዚያ በእግሬ እሄዳለሁ» አለች። የአባትህን ሞስክቪች ታውቃታለህ። ወንድሜ ካልሙራት ካረፈ ጀምሮ ኮኩ ዛፍ ሥር እንደቆመች ነው። የኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ ይፈለፈልባታል።

ዶሮዎቹን አስወጣሁ። ሞተሯን አወረድኩ፣ በሮቿን ፈታሁ፣ መስታወቶቿን አወጣሁ። ከላይ ሲያዩዋት ምንም አትልም፤ ወለሏ ግን ወንፊት ሆኗል። ሥሯ ገብቼ ልበይድ ብዬ ሞከርኩ። ፍንጣሪው አንገቴ ውስጥ፣ ዝገቱ ዓይኔ ውስጥ ገባ፤ ወገቤም እንደተቆለፈ ቀረ። ሳይራ ናት በእግሬ ጎትታ ያወጣችኝ። እየጎተተችኝ፣ «ለቀብር ነው ለሻይ?» ትለኛለች።

አንድ ጊዜ ከምትሠራበት ጋራዥ ስትጽፍልኝ፣ የመኪናን አካል ከፊትና ከኋላ ይዞ እንደ ጥብስ የሚያዞር ብረት አለን ብለኸኝ ነበር። ወለሉን ወደ ጎን አዙሮ ቆሞ መበየድ ይቻላል ብለህ። እሱን ነገር እንዴት እንደሚሠራ ጻፍልኝ። ከፈረሰው ትራክተር ጣቢያ ያመጣሁት ቱቦና አንግል ብረት ሞልቶኛል።

ሠርጉ ዕለት መሪውን የምትይዘው አንተ ነህ። እናትህ ይህን ለሰው ሁሉ ነግራለች።

አጎትህ ሹኩርበክ

*

ቼልያቢንስክ፣ ሜይ 2 ቀን 1999

ለማከብርዎ አጎቴ ለሹኩርበክ፤

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎን እንዴት አድርጎዎታል? ሳይራ አክስቴን ሰላም ይበሉልኝ። እማዬን ሳሙልኝ። ለቾልፖን እንኳን ደስ አለሽ በሉልኝ፤ ጆሮው የሰፋ ሰው ሚስቱን ያዳምጣል በሏት። እኔ ደህና ነኝ። መልሴ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ስለሆነ ይቅር ይበሉኝ።

የጠየቁኝን ማገላበጫ ከዚህ ጋር ሥዬ ልኬያለሁ። ሥዕሉ የተንጋደደው ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስለሣልኩት ነው። ነገሩ ከባድ አይደለም። ሁለት እግሮች ይሠራሉ፤ አንዱ ለፊት፣ አንዱ ለኋላ። እያንዳንዱ ከታች ሰፊ መቆሚያ፣ ከላይ ደግሞ አግድም የተበየደ አጭር ቱቦ ይኑረው። በዚያ ቱቦ ውስጥ በልኩ የሚገባ ሌላ ቱቦ ይፈልጉ፤ የሚዞረው እሱ ነው። የሚዞረው ቱቦ ጫፍ ላይ ክንዶች ይበይዱና ፓራውልቶቹ ይታሰሩበት በነበረው ቀዳዳ ከመኪናዋ ጋር በቡሎን ይሰሯቸው። ሁለቱን እግሮች ከታች በአንድ ረጅም ብረት ያያይዟቸው፤ አለበለዚያ ተንሸራተው ይራራቃሉ። በመጨረሻም ሁለቱን ቱቦዎች አንድ ላይ ይብሱና ወፍራም መቀርቀሪያ ይሥሩለት። የትም ላይ ብትዞር እዚያው እንድትቆለፍ።

አጎቴ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። ሥሯ ሁለተኛ አይግቡ። በክሪክ አቁሜያታለሁ፣ ድንጋይ ደግፌያታለሁ ብለው አይግቡ። ለአንድ ደቂቃም፣ የወደቀ ዳዶ ለማንሣትም ቢሆን አይግቡ። ማገላበጫው እስኪያልቅ ትቆይ። መኪናዋ የትም አትሄድም። እባክዎን ይህን ቃል ይግቡልኝ።

ስለ ሠርጉ፣ ከዚህ ፈቃድ ማግኘት እንደሚያስቡት ቀላል አይደለም። እስቲ እናያለን።

አክባሪዎ ሚርላን

*

ጄቲ ኦጉዝ፣ ጁን 20 ቀን 1999

ለሚርላን፤

የበጋው ሣር ያማረ፣ ወተቱ የበዛ ሆኖልን ሰላም ነን፤ ላንተም እንዲሁ ይሁንልህ።

ቃሌን ጠብቄያለሁ፣ ሥሯ አልገባሁም። ስትለምነኝ እንደ አሮጊት መጨነቅህን ለሳይራ ሳነብላት ሳቀችብህ።

ማገላበጫው ተሠራ። በግቢው መሃል ሲቆም መንደሩ ሁሉ ሊያይ መጣ። ጎረቤቶቼ ለሠርጉ አንድ ሙሉ በሬ ላዞርበት መስሏቸው፣ እሳቱን የት እንደማነድ ይጠይቁኝ ጀመር። አንዱማ ሆዱን እየደባበሰ ቀኑን አስታውሰኝ ብሎኝ ሄደ።

ሞስክቪቿን ስድስት ሰው ሆነን አንሥተን አሰርናት። እስከዚህ ያለው ያማረ ነበር። መቀርቀሪያውን ሳወጣ ግን ማንም ሳይነካት በራሷ ተገለበጠች። ጣሪያዋ ወደ መሬት ዞሮ እንደ ደወል እየተወዛወዘች ቀረች። ስትዞር በአንደኛው ጥጓ ክንዴን ገጭታ ጣለችኝ። አጥንቴ አልተሰበረም፤ አብጧል እንጂ። ከዚያ ወዲያ ቢገፏት ቢጎትቷት ቀና አትልም። አሁንም ሆዷን ለፀሐይ ሰጥታ እንደተኛች ናት። ሳይራ ልብስ አስጥታባታለች።

ምን እንዳጠፋሁ ንገረኝ።

ጎረቤታችን ተሚርበክ በሴፕቴምበር ፖም ጭኖ ወደ እናንተ ከተማ ይመጣል። እናትህ የቦርሶክ ሊጥ ጠብሳ፣ የደረቀ ኮክ ጨምራ በሱ ትልክልሃለች። ማደሪያህ ድረስ ያመጣልሃል።

አጎትህ

*

ቼልያቢንስክ፣ ጁላይ 6 ቀን 1999

አጎቴ፤

ደብዳቤዎ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ፤ ዛሬውኑ ነው የምመልሰው። ክንድዎን ሐኪም አይቶታል? ጭንቅላትዎ ቢሆንስ ኖሮ? ከአሁን በኋላ መቀርቀሪያው ሲወጣ ማንም ሰው በጎኗ እንዳይቆም። ከፊት ወይም ከኋላ ይቁሙ። ሳይራ አክስቴም ልብስ የሚያሰጡት ሌላ ቦታ ይሁን።

የሆነው ይህ ነው። የሚዞረው ቱቦ በፓራውልቱ ቁመት ላይ ታስሯል። የመኪናዋ ክብደት ደግሞ አብዛኛው ከዚያ በላይ ነው። ክብደት ወደ ታች መውረድ ስለሚፈልግ ገለበጣት። መኪናዋን ከክንዱ ጋር በቀጥታ አያያይዟት። በመሃል ብዙ ቀዳዳ የተደረደረበት ወፍራም ብረት ያስገቡና መኪናዋን ከቱቦው ዝቅ፣ ዝቅ እያደረጉ በቡሎን ይሞክሯት። ትክክለኛው ቦታ ሲገኝ ራሷ ትነግርዎታለች። በየትኛውም ጎን አዙረው ቢለቋት እዚያው ዝም ብላ ትቆማለች። ያኔ በአንድ እጅ ያዞሯታል።

ተሚርበክን አያስቸግሩት። ማደሪያ ልቀይር ስለሆነ ላያገኘኝ ይችላል። ለእማዬ ምንም አልጎደለበትም በሏት። አብሮኝ የሚኖር ሪፍቃት የሚባል ታታር አለ፤ ምግብ ያበስላል፣ ከኔ የተሻለ ያበስላል።

ክንድዎን ለሐኪም ያሳዩ።

ሚርላን

*

ጄቲ ኦጉዝ፣ ኦክቶበር 17 ቀን 1999

ለምወድህ ለወንድሜ ልጅ ለሚርላን፤

እንደምን አለህ ልጄ? አላህ በሄድክበት ሁሉ ይከተልህ። ክፉ አይንካህ። ወዳጅህን ሪፍቃትን ሰላም በልልኝ፤ ለኔም እንደ ልጄ ነው በለው።

ሞስክቪቿ እንዳልከው ሆናለች። መኪናዋን ዝቅ ሳደርጋት፣ ዝቅ ሳደርጋት፣ አንድ ቦታ ላይ ለቀቅኋት፤ ቀጥ ብላ ቆመች። እናትህን ጠርቼያት በአንድ እጇ አዞረቻት። ብረቱን ዳበሰችውና ወደ ቤት ገባች።

ተሚርበክ ተመልሷል። አላገኘሁትም፣ ዕቃውን ለማደሪያው በረኛ ሰጥቼ መጣሁ አለን። ደርሶህ እንደሆነ ጻፍልን። ለእናትህ ስለምትልከው ገንዘብም፣ ላክሁ አልላክሁ ብለህ አትጨነቅ። እናትህ ላሟን ታልባለች፣ እኔም አለሁ። እዚያ ለራስህ ይሁንህ።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ልጠይቅህ። ይህን ማገላበጫ አፍርሼ፣ አውደ ሥራዬ ውስጥ ዝቅ አድርጌ ልሠራው አስቤያለሁ። ተቀምጦ የሚሠራ ሰው እንዲመቸው። እኔም እያረጀሁ ነው፣ ወገቤ ቆሞ መሥራትንም ጠልቷል። ቁመቱ ምን ያህል ይሁን? ሌላስ ምን ላስተካክል? ጊዜ ስታገኝ በደንብ አስበህ ጻፍልኝ። አልቸኩልም።

ስለ ሠርጉ ፈቃድ አትጨነቅ።

አጎትህ ሹኩርበክ

*

ቼልያቢንስክ፣ ዲሴምበር 5 ቀን 1999

ለማከብርዎ አጎቴ፤

ጤና ይስጥልኝ። የክረምቱ ብርድ ግቢያችሁን ሳይጎዳ ይለፍ። ዕቃው ደርሶኛል፤ ቦርሶኩ ቢደርቅም በሻይ እየነከርን ጨረስነው። ሪፍቃት፣ የእናትህ እጅ ይባረክ ብሏል።

ማገላበጫውን ዝቅ ማድረግዎ ጥሩ ሐሳብ ነው። እኔም ብዙ አሰብኩበት። የሚዞረው ቱቦ በተቀመጠ ሰው ደረት ትክክል ይሁን። ከዚያ በታች ከወረደ መኪናዋ ስትዞር ጣሪያዋ መሬት ይነካል። ወደ ጎን ሲያዞሯት ወለሏ ፊት ለፊትዎ እንደ ግድግዳ ይቆማል። እስከሚደርሱበት ድረስ ይበይዱና፣ ያልደረሱበትን ወደ ሌላው ጎን አዙረው ያውርዱት። ላይ የነበረው ታች ይመጣል። አንድም ቦታ የማይደረስበት አይኖርም። መቀርቀሪያው በረጅም ዘንግ ይሠራ፤ ሰው ከተቀመጠበት ሳይነሣ ሊያወጣውና ሊመልሰው ይችላል። ግራይንደሩንና የብየዳውን ገመድ ከላይ ከጣሪያ ያንጠልጥሉት እንጂ መሬት ላይ አያስተኙት።

ሁለቱን እግሮች ከታች የሚያያይዘው ረጅም ብረትም መሬቱ ውስጥ ይቀበር። እንዳለ ከተተወ የወንበሩ ጎማ ይያዝበታል፤ እጅ ሥራ ይዞ ሳለ ከጎማ ጋር መታገል ያስመርራል። በተረፈ ወለሉ ደልዳላ ይሁን። ጠጠር ትንሽ ቢመስልም ለሚገፋው ሰው ትልቅ ነው።

እንግዲህ ይህን ያህል ነው የታየኝ። እንዴት እንደሆነልዎ ይጻፉልኝ፤ ማወቅ እፈልጋለሁ።

አክባሪዎ ሚርላን

*

ጄቲ ኦጉዝ፣ ጃንዋሪ 23 ቀን 2000

ለሚርላን፤

አዲሱ ዓመት የጤናና የመገናኛ ይሁንልን።

ያልከውን ሁሉ አደረግሁ። ቱቦው በተቀመጠ ሰው ደረት ልክ ነው። የመቀርቀሪያው ዘንግ ረጅም ነው፤ ሳይራ የጠንቋይ በትር ትለዋለች። ገመዶቹ ከጣሪያ ተንጠልጥለዋል። ረጅሙን ብረት ጎማው እንዳይያዝበት ቀብሬ ላዩን በሲሚንቶ ለሰንኩት። ሲሚንቶ ስለተረፈኝም ከአውደ ሥራዬ እስከ እናትህ ቤት ደጃፍ፣ ከዚያም እስከ ውጭው በር ድረስ አፈሰስኩት። የእናትህን ደፍ ነቅዬ ዝቅ አድርጌዋለሁ። ምን ሆንክ ስትለኝ፣ እግሬን እየመታኝ ተቸገርኩ አልኳት።

ሁሉም ተዘጋጅቷል።

አጎትህ

*

ቼልያቢንስክ፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2000

አጎቴ ሹኩርበክ፤

ጎማ ያለው ወንበር አለኝ ብለው ጽፈውልኝ አያውቁም። ጎማ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እርስዎ ግን አንድም ነገር ሳይጠይቁኝ ብረቱን ቀበሩ። የእማዬን ደፍም ነቀሉ።

ተሚርበክ ነው የነገረዎት። አግኝቶኝ ሳይሆን አይቶኝ ነው የተመለሰው። መጥቶ ሰላም ቢለኝ ይሻል ነበር።

እንግዲያው ከኔው ይስሙት። ከመጀመሪያው ደብዳቤዎ በፊት በነበረው ኖቬምበር ነው የሆነው። የአንድ ሚኒባስ ወለል እየበየድኩ ነበር። ማገላበጫው በሌላ መኪና ተይዟል፤ ተራ ልጠብቅ ስላልፈለግሁ በክሪክ አንሥቼ ሥሩ ገባሁ። ክሪኩ ተንሸራተተ። ከወገቤ በታች የለሁም። ሐኪሞቹ ተስፋ አለ አላሉኝም፣ የለምም አላሉኝ፤ እኔ ግን አውቀዋለሁ። አሁን ከሪፍቃት ጋር የሰው ሬዲዮና ካውያ እየጠገንኩ እኖራለሁ። አልራብኩም።

እንዲያዝኑልኝ አልፈልግም። ለእኔ ሲሉ መጫወቻ መሥራትዎን ይተዉ። እኔ መሪ የምይዝበት ሠርግ የለም። ሞስክቪቿን ለሚገዛ ይሽጧት፣ ቾልፖንም ሰው በሚሄድበት ትሂድ። ለእማዬ ግን አንዲት ቃል ቢተነፍሱ ሁለተኛ አልጽፍልዎትም።

ሚርላን

*

ጄቲ ኦጉዝ፣ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2000

ለሚርላን፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ስድብህ ደርሶኛል፣ አልተቀየምኩም።

ተሚርበክን አትውቀሰው። ከማደሪያህ በር ላይ ሆኖ ግቢውን ስታቋርጥ አየህ። ልጁ እንዲታይ ቢፈልግ ኖሮ ይጽፍላችሁ ነበር ብሎ፣ ዕቃውን ለበረኛው ሰጥቶ ተመለሰ። እዚህ ሲደርስ ከኔ በቀር ለማንም አልተናገረም። ሲነግረኝ ያ ትልቅ ሰውዬ ኮፍያውን እንደያዘ አለቀሰ። እኔ በዚያን ቀን ምን እንደሆንኩ አልጽፍልህም።

እውነቱን ልንገርህ። የመጀመሪያውን ማገላበጫ የሠራሁት ለወገቤ ነበር። ሁለተኛውን የሠራሁት ላንተ ነው፤ አልክድህም። አዝነህልኝ ነው ወይ ትላለህ። አዎ፣ አዝኛለሁ። የወንድሜ ልጅ ነህ፣ ታዲያ ላንተ ያላዘንኩ ለማን ልዘን? ግን ማዘን ብቻ ቢሆን ቁጭ ብዬ አለቅስ ነበር እንጂ በዚህ ብርድ ቱቦ ስቆርጥ አልውልም ነበር።

አንተ የማታውቀውን ደግሞ እኔ ልንገርህ። ሞስክቪቿን ልበይዳት አልቻልኩም። ሁለቱም ዓይኖቼ ላይ ሞራ ተጋርዷል። ካራኮል ያለው ሐኪም ቢሽኬክ ሄደህ በቀዶ ጥገና ይነሣልህ ብሎኛል፤ እኔ ፈርቼ ዛሬ ነገ እላለሁ። ባለፈው አንድ ላሜራ በየድኩና ሳይራን ጠርቼ እይልኝ አልኳት። ጎንበስ ብላ አየችና፣ «ላሜራው እዚህ፣ ብየዳው እዚያ። ተጣልተው ነው?» አለችኝ። ሳቅሁ፤ ከሳቅሁ በኋላ ግን ማስኩን አውልቄ ረጅም ሰዓት ተቀመጥኩ። አርባ ዓመት የበየደ እጅ አሁን የት እንደሚሄድ አያውቅም። አንተ ዓይንም እጅም አለህ። እኔ ማንሣትና መጎተት እችላለሁ። የሆነው ይኸው ነው፤ ሌላ የደበቅሁህ የለም።

እናትህ አታውቅም። እሷ ግን የገዛ ሐሳቧን አስባለች። ሩሲያዊት አግብተህ የደበቅሃት መስሏታል። ጠልታት እንዳይመስልህ። ባለፈው ሳምንት ካራኮል ገበያ ወርዳ ለምራቷ ሻሽ ገዝታለች። «ቀይ ፀጉር ከሆነች አረንጓዴው ይስማማታል» ብላ አሳየችኝ። ምን ልበላት? ያምራል አልኳት።

እኔ አልነግራትም። ይህ ያንተ ነው።

አጎትህ

*

ጄቲ ኦጉዝ፣ ሜይ 9 ቀን 2000

ለሚርላን፤

ሰላም ነህ? አልመለስክልኝም። እኔም ለምን አልልህም።

በረዶው ቀልጧል፣ መንገዱ ደርቋል። ሠርጉ በመከር መሆኑን ታውቃለህ። ስለዚህ ዓይኔ አየም አላየም፣ በወሩ መጨረሻ ሰኞ የሞስክቪቿን የጎን ደፎች ቆርጬ ላወጣ ነው። በበሮቿ ክፍተት ላይ ድጋፍ ብረት አልበየድኩም፤ ያለ እሱም የምትቆም ይመስለኛል።

አጎትህ ሹኩርበክ

*

ቴሌግራም፣ ከቼልያቢንስክ፣ ሜይ 19 ቀን 2000

እንዳይቆርጡ። ያለ ድጋፍ መኪናዋ መሃል ላይ ትታጠፋለች። በሮቹ ዳግመኛ አይገጥሙም። እንዳይነኳት። ሚርላን።

*

ቼልያቢንስክ፣ ጁን 4 ቀን 2000

ለማከብርዎ አጎቴ፤

አርባ ዓመት የበየደ ሰው ደፍ ያለ ድጋፍ እንደማይቆረጥ ሳያውቅ ቀርቶ ነው የጻፈልኝ ብዬ አላምንም። ቴሌግራሙን ከላክሁ በኋላ ነው የገባኝ። ሪፍቃት ከማደሪያው እስከ ፖስታ ቤት እየሮጠ ሲገፋኝ ሰው ሁሉ እሳት የተነሣ መስሎት ነበር። ስንመለስ መሃል መንገድ ላይ አቁሞኝ፣ «እኚህ አጎትህ ተንኮለኛ ናቸው» አለኝና መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከሳቅሁ ስንት ጊዜ እንደሆነኝ አላውቅም።

ፌብሩዋሪ ላይ ስለጻፍኩት ይቅር ይበሉኝ።

ትናንት ለእማዬ የስልክ ቀጠሮ አስይዤ ካራኮል ፖስታ ቤት አስጠራኋት። ቾልፖን ይዛት እንደመጣች አውቃለሁ፤ ትንፋሿ ይሰማ ነበር። በደረቁ ነገርኳት። ሌላ ቃል አጥቼ ነው። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ፣ «እማዬ? እማዬ?» ስል፣ በጣም በቀጭን ድምፅ፣ «ትበላለህ ግን?» አለችኝ። እበላለሁ አልኳት። ከዚያ ሚስት እንዳለኝ ጠየቀችኝ። የለኝም አልኳት። «ሻሹን አስቀምጠዋለሁ» አለች።

ጁላይ መጀመሪያ ላይ በባቡር እንመጣለን። ሪፍቃት እስከ ቢሽኬክ አድርሶኝ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ ተሚርበክ በጭነት መኪናው ቢቀበለኝ ደስ ይለኛል። ሰላም እንዲለኝ ንገሩት። እስከዚያ ድረስ መጋዙን ከእጅዎ ያርቁልኝ።

ሚርላን

*

ጄቲ ኦጉዝ፣ ኦክቶበር 9 ቀን 2000

ቢሽኬክ፣ ዓይን ሆስፒታል ለተኙት አጎቴ ለሹኩርበክ፤

ዓይንዎ በፋሻ ስለታሰረ ይህን የሚያነቡልዎ ሳይራ አክስቴ ናቸው። ስለዚህ ስለ እሳቸው ክፉ ነገር አልጻፍኩም፤ ሲመጡ እነግርዎታለሁ። ቀዶ ጥገናው በደህና መጠናቀቁን ቾልፖን ደውላ ሰምታ ነግራናለች። እልል ብለናል። ፋሻው ሲፈታ በመጀመሪያ የሚያዩት ደስ የሚል ይሁን፤ ነርሷ ትሁን እንጂ የሆስፒታሉ ግድግዳ አይሁን።

የሠርጉ ፎቶ መጥቷል። ያው ሠርጉ ሲደርስ ሞስክቪቿ እንዳላለቀች ስላዩ ሁሉንም መንገር አያስፈልገኝም። ግን በፎቶው ላይ ቾልፖን በነጭ ቀሚሷ፣ ሆዷን ወደ ሰማይ ከገለበጠች መኪና አጠገብ ቆማ ጥርሷ በሙሉ ይታያል። ከኋላዋ ከክፍቱ በር ውጭ የተሚርበክ ጭነት መኪና አበባ ታስሮበት ይጠብቃታል። ባሏ ፎቶውን ዳቦ ቤቱ ውስጥ ሰቅሎታል።

ሥራው ይሄዳል። የቀኙን ደፍ ጨርሻለሁ፤ የግራውን ግማሽ። ድጋፎቹን ሳልነቅል በሮቹን አንጠልጥዬ ሞከርኳቸው፤ ገጠሙ። ሲዘጉ የሚሰማውን ድምፅ ቢሰሙት ደስ ይልዎት ነበር። የወለሉን የፊት ላሜራ እርስዎ ሲመለሱ አብረን እናደርገዋለን ብዬ ትቼዋለሁ።

ልጽፍልዎ የፈለግሁት ግን ይህን አይደለም።

ከመጣሁ ጀምሮ እማዬ እንዴት እንደሆነች አይተዋል። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምታናግረኝ። ኩባያ ስይዝ ትቀበለኛለች። ስስቅ ትስቃለች፣ ዞር ስል ታለቅሳለች። በገዛ ቤቴ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ሆንኩ። እርስዎ ጊዜ ስጣት ይሉኝ ነበር። ሰጠኋት፤ ግን አንዳንድ ቀን ቼልያቢንስክ የተሻለ ነበር ብዬ አስቤያለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ትናንት የበሮቹን ማጠፊያ ቡሎኖች ነጭ ጋዝ ውስጥ ልዘፍዝፋቸው አሰብኩ። የምዘፈዝፍበት ዕቃ አጣሁ። ውጭ ባለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰፊ ሳህን ተደፍቶ አየሁ። ሳላስብ ወሰድኩት፣ ቡሎኖቹን ከተትኩ፣ ጋዙን አፈሰስኩበት። ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ብየዳውን ሳቆም እማዬ በሩ ላይ ቆማለች። ሳህኑን ታያለች። የሊጥ ሳህኗ ነው፤ እናቷ የሰጠቻት።

«አንተ» አለች። «አንተ ዓይን የሌለህ። ዓለም ላይ ያለው ዕቃ አልቆብህ ነው በሊጥ ሳህኔ ዝገት የምታጥበው? ያሳደግሁህ እኔ ነኝ ወይስ በረት ውስጥ ነው ያደግኸው?»

እማዬ ጠፍቶኝ ነው ልላት ብል የት ታሰማኛለች። አባቴንም ጨምራ ወቀሰችው፣ ዕቃ መልሶ ቦታው አያስቀምጥም ነበር ብላ። ትከሻዋ ላይ የነበረውን ፎጣ ወረወረችብኝ፤ ፊቴ ላይ አረፈ። «አሁኑኑ ገበያ ሄደህ ሌላ ግዛልኝ። እግር የለኝም እንዳትለኝ፤ ጎማ አለህ» አለችኝ።

ይህ ከአፏ እንደወጣ ሁለታችንም ደነገጥን። እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ፎጣውን ከፊቴ ሳነሣ ሳቄ መጣ፤ ልይዘው ብል አልያዝ አለኝ። ዓይኔ እስኪያነባ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ቀይ ሆና፣ «ምን ያስቅሃል? ሂድ አልኩህ» ብላ ገባች።

ሄድኩ አጎቴ። እስከ መንደሩ ገበያ ብቻዬን ነው የሄድኩት። ያ አስቀያሚ አቀበት ትንፋሼን ቆረጠው፤ ሁለት ጊዜ ቆሜ አረፍኩ። ሰዎች እንግፋህ ሲሉኝ፣ እናቴ ልካኝ ነው አልኳቸው። ሳህን መርጬ ጭኔ ላይ አድርጌ ተመለስኩ።

እማዬ በመስኮት በኩል ወደ ብርሃኑ አነሣችው፣ በጥፍሯ መታ መታ አደረገችው፣ ገለበጠችው። ስስ ነው አለች። ሻጩ ሞኝ አግኝቶ ነው፣ ነገ ወስደህ አስለውጥ አለችኝ።

ነገ ጠዋት እሄዳለሁ።

ሳይራ አክስቴ ሳይኮሳተሩ ያንብቡልዎት፤ እርስዎም ቶሎ ድነው ይምጡ።

ልጅዎ ሚርላን